የካፓስ የጠባይ መዝገብ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፦ ጥንቸሏ የላራስ ናት እንጂ የእኔ አይደለችም። ባለፈው ኦገስት ላራስ ከገበያ በካርቶን ይዛት ስትመጣ መዳፍ ብትሞላ ነው። ነጭ ስለሆነች «ካፓስ» አለቻት፤ ጥጥ ማለት ነው። እኔ የሽቦ ቤቷን ሠራሁ፤ ሣርና የካሮት ቅጠል አመጣላታለሁ። ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የለኝም።

ላራስ የልጄ የኢማስ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ካራዋንግ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ስድስተኛ ክፍልን እስክትጨርስ እዚህ ሌምባንግ ከእኔ ጋር ትኖራለች። «አኪ»፣ አያቴ ማለት ነው፣ ብላ የምትጠራው እኔን ብቻ ነው።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ከባለፈው ሳምንት ወዲህ የካፓስ ጠባይ ስለተለወጠ ነው። በሠላሳ ሰባት ዓመት የመምህርነት ሥራዬ ለእያንዳንዱ ተማሪ የጠባይ መዝገብ ነበረኝ፦ ጥፋቱ ከነቀኑ፣ የተወሰደው እርምጃ፣ የተገኘው ውጤት። መጻፍ ሰውን ከችኩል ቁጣ ያድናል። ለጥንቸልም ይሠራ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ቅጠል ሳስገባላት አጉረመረመችብኝ። ጥንቸል እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ከዚያ ዘላ በሁለት የፊት እግሮቿ እጄን መታችኝ። ጥፋት አንድ። እርምጃ፦ አፍንጫዋን በጣቴ ነካ አድርጌ «አይሆንም» አልኳት።

ላራስ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። «አኪ፣ ፈርታዎት ይሆናል እኮ።»

«አምስት ወር ሙሉ ያልፈራችኝ ዛሬ ምን አገኛት?»

ትከሻዋን ሰበቀች። እሷም ሰሞኑን መልስ ማሳጠር ጀምራለች።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ዝናብ። ጥፋት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የቤቷን ጥግ ቆፈረች። አገጯን በሁሉም ነገር ላይ ታሻለች፤ በሳህኗ፣ በበሩ፣ በጫማዬ። ሽንቷን ከለመደችበት ቦታ ውጭ ግድግዳው ላይ ረጨች፤ ሽታው የከረረ ነው። እርምጃ፦ ካሮት ለሁለት ቀን ታገደ። ውጤት፦ የለም።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22

ማታ ማታ ላራስ ካፓስን ሳሎን ውስጥ ትፈታታለች። ዛሬ ካፓስ እግሬን እየዞረች እንደ ንብ እምም እምም ስትል ማንግ ዳያት ገባ። ማንግ ዳያት («ማንግ» አጎት እንደማለት ነው) ጎረቤታችን ነው። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ የጥንቸል ሳቴ ይጠብሳል፤ እንጨት ላይ የተሰካ ሥጋ በኦቾሎኒ ወጥ። ከባንዱንግ የሚመጡ እንግዶች ቅዳሜና እሁድ ተሰልፈው ነው የሚበሉለት።

ገና እንዳያት ሳቀ። «መምህር፣ ይቺማ ባል ነው የምትፈልገው!»

«ማንግ ዳያት፣ ልጅ አለች።»

«ልጅ ብትኖርስ? ያልኩት እኮ ስለ ጥንቸል ነው።»

«ሻይ ትጠጣለህ?» አልኩት።

ላራስ ወደ ዳያት ዞራ «እና ምን ይሻላታል?» ስትለው እኔ ሻዩን አስቀድሜ አመጣሁ። ሰውየው ልጅ ባለችበት ቤት እንዲህ ማውራት አልነበረበትም። ልጆች ሁሉን ነገር በጊዜው ቢያውቁ ይሻላል።

ጥፋቶች ሰባት ደርሰዋል።


ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ላራስ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አንሶላዋን ራሷ አጠበች። ማንም አላዘዛትም። በዚህ ዝናብ አንሶላ እንደማይደርቅ ታውቃለች። ቢሆንም ንጽሕና መውደዷ ያስመሰግናል፤ ቁርስ ላይ አመሰገንኳት። አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ሆኖ ሰው አያለቅስም፣ ኔንግ» አልኳት፤ ልጃገረድን በፍቅር የምንጠራበት ነው።

«ምንም አልኩ እኮ አኪ!»

ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ወረወረችው። በር መወርወር በዚህ ቤት ክልክል መሆኑን ከውጭ ሆኜ በለሰለሰ ድምፅ አስታወስኳት። ያለ ምክንያት እንዲህ የምትሆን ልጅ አልነበረችም።

ካፓስ፦ ጥፋት አሥራ አንድ። እርምጃ፦ ቤቷን ግማሽ ቀን በጨርቅ ሸፈንኩት። ከውስጥ ሆና ወለሉን በኋላ እግሯ ስትደበድብ ዋለች።


እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 9

አዲስና ለማመን የሚያስቸግር ጥፋት። ካፓስ የገዛ ደረቷን ጠጉር በጥርሷ እየነጨች ጥግ ላይ ከምራለች። ሣሩን በአፏ ሙሉ ተሸክማ ከጠጉሩ ጋር ስትደባልቀው አየሁ። ለምግብ ያመጣሁትን ሣር! ደረቷ ሮዝ ቆዳው እስኪታይ ተላጭቷል።

ክምሩን ጠራርጌ ጣልኩት። ቤቱን በሳሙና አጠብኩ።


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

እንደገና ከመረች። እንደገና ጠረግኩ።

«አኪ፣ ይተዉላት» አለች ላራስ። «የሷ ነው።»

«ቆሻሻ ነው።»

«ለሷ ቆሻሻ አይደለም። ስንት ሰዓት እንደለፋች አላዩም?»

«ያየሁትን ሁሉ ጽፌዋለሁ» ብዬ ደብተሩን አሳየኋት። ትንሽ አነበበች። «ሁሉም ጥፋት ነው እንዴ?» አለችና መለሰችልኝ።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ጠዋት ቤቱን እንደተለመደው አጸዳሁ። ከምሳ በኋላ ላራስ እጇን ልታስገባ ስትል ካፓስ የእጅ አንጓዋን ነከሰቻት። ደማ። ሁለት ጥርስ ጠልቆ ገብቷል። አጥቤ አሰርኩላት። አንድ ጊዜም አላለቀሰችም፤ «የሷ ጥፋት አይደለም» ብቻ ትላለች።

ጥፋት አሥራ ስምንት። በሠላሳ ሰባት ዓመት ከትምህርት ቤት ያስባረርኩት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ ልጅ ላይ ደም ስላፈሰሰ።


ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ላራስ ትምህርት ቤት ስትሄድ ካፓስን በቅርጫት ይዤ ማንግ ዳያት ቤት ሄድኩ። ፍም እያቀጣጠለ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን እንደተባለው አሰፍራለሁ።

«መምህር! ይቺን ለኔ?»

«ቤቱ ጠቦናል።»

«እህ።»

«አንተ ከጥንቸል ጋር ትግባባለህ።»

«እግባባለሁ» አለ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና ቅርጫቱን ተቀበለኝ።

አደራ አላልኩትም። ምን ልታደርጋት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ምን ላድርጋት አላለኝም። እኛ አገር ሰው የሚከባበረው እንዲህ ነው። ሌላው ቀርቶ ዝናቡ ስለ መብዛቱም ትንሽ አወራን።

ቤት ስመለስ የሽቦ ቤቱን በር ከፈትኩት። ላራስ ስትመጣ «ተከፍቶ አገኘሁት» አልኳት። ተከፍቶ ነበር። የከፈትኩት እኔ ነኝ እንጂ።

ወዲያው ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ሲመሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። «አኪ፣ ጠዋት ሣር ስሰጣት በሩን ሳልዘጋው ይሆን?»

አዎ አላልኳትም። አይደለምም አላልኳትም።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

አመሻሹ ላይ የማንግ ዳያት ሚስት ኢያም በሩን አንኳኳች። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ሳህን ይዛ ነበር፤ አሥር እንጨት ሳቴ፣ በላዩ የሙዝ ቅጠል።

«የኔው ሰውዬ ነው የላከው። ለመምህር ምስጋና ብሎ።»

«የምን ምስጋና?» አለች ላራስ።

ኢያም እኔን አየችኝ። «ጎረቤት አይደለን እንዴ፣ ኔንግ? ምክንያት ያስፈልገዋል?»

ስትሄድ ላራስ ቅጠሉን ገለጠች። «የምን ሥጋ ነው?»

«የዶሮ» አልኩ።

አላውቅም ነበር። ጥርሴን አሞኛል ብዬ አልበላሁም። ላራስ በላች፤ ሦስት ቀን ያልበላች ልጅ ስለነበረች ልከለክላት አልቻልኩም። የምትበላውን ቆጠርኩ። ሦስት እንጨት።

«ይጣፍጣል አኪ» አለች።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

ሳህኑ አሁንም እኛ ጋ ነው። ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ አንድ ነገር አድርጌበት መውሰድ አለብኝ። ጥርሴን በእርግጥ ሳያመኝ አልቀረም።


እሁድ፣ ማርች 2

ረመዳን ሁለተኛ ቀን። ሳህኑን አልመለስኩም።


ቅዳሜ፣ ማርች 8

ላራስ ሃያ አምስት ወረቀት በእጇ ጽፋለች። «ጥንቸል ጠፍታለች። ነጭ። ደረቷ ላይ ጠጉር የላትም። ስሟ ካፓስ ነው። ያገኙ እባክዎ ወደ መምህር ሳስሚታ ቤት ያምጧት።» በእያንዳንዱ ላይ ሥዕሏን ሥላለች። የእጅ ጽሑፏ ተሻሽሏል።

ሁሉንም ለጠፈች። የመጨረሻውን ከማንግ ዳያት ድንኳን ምሰሶ ላይ። እኔ ከኋላዋ ማጣበቂያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ማንግ፣ እዚህ ብዙ ሰው ስለሚቆም ነው» አለችው። «ካየህ ትነግረኛለህ አይደል?»

ዳያት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እኔ ልለጥፈው፣ ኔንግ። ከፍ ሲል ዝናብ አያገኘውም» አለና ወንበር ላይ ወጥቶ ለጠፈላት። እሷ ወደ ፊት ስትሄድ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «መምህር፣ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?» አለኝ።

«በደንብ ነው የለጠፍከው» አልኩት።

ቀጥሎ ምን ልጠይቀው እንደምችል አውቅ ነበር። አንዲት አጭር ጥያቄ። ተማሪ ሆኖ እንዲህ አፉን ይዞ የቆመብኝ ቢኖር ኖሮ «ጠይቅ እንጂ፣ ጥያቄ አይነክስም» እለው ነበር።


ቅዳሜ፣ ማርች 15

ላራስ ማፍጠሪያ ላይ ሥጋ አትነካም። ዛሬ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ሰማሁ። መስማት አልነበረብኝም።

«አይ እማ፣ አኪ አልተቆጡኝም። ምንም አይሉኝም። እኔማ እንዲቆጡኝ ነው የምፈልገው። በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ እኮ።»

ገብቼ ልነግራት ተነሣሁ። ከዚያ ፆም ላይ ልጅ ማስለቀስ አይገባም ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ምክንያት ያገኘሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።


ሰኞ፣ ማርች 31

ኢድ። ኢማስ ከካራዋንግ መጥታለች። እንደ ወጉ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እነሱ ተራ በተራ ተንበርክከው እጄን ሳሙ። ላራስ ግንባሯን መዳፌ ላይ አድርጋ «አኪ፣ በገሃድም በልቤም የበደልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ» አለች። እኔም «እኔም አጥፍቼ እንደሆነ ይቅር በይኝ» አልኳት፤ ሁሉም ሽማግሌ እንደሚለው።

አጥፍቼ እንደሆነ!

ተማሪዎቼን ግን «ጥፋትህን በስሙ ጥራው» እላቸው ነበር። ስሙን ያልጠራ ይቅርታ አይቆጠርለትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማንግ ዳያትና ኢያም መጡ። ተጨባበጥን፤ ይቅር ተባባልን። እሱ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጨበጠኝ፤ የሚናገረው ያለው ይመስል ነበር። እኔ ብስኩት አቀረብኩ። ኢያም ወጥ ቤት ገብታ ሳህኗን አየችው፤ ሳትወስደው ወጣች።


ዓርብ፣ ኤፕሪል 4

ላራስ ከእናቷ ጋር ሄደች። ለበዓሉ ብቻ ነበር። ማታ ኢማስ ደወለች፦ «አባዬ፣ አልመለስም ትላለች። ባዶውን የሽቦ ቤት ማየት አልችልም ትላለች። ትምህርቷን እዚሁ ትጨርስ?»

«እሷ እንዳለችው» አልኩ።

«እናንተ ተጣልታችኋል እንዴ?»

«አልተጣላንም።» እውነት ነው። ለመጣላት ሁለቱም ወገን ነገሩን ማወቅ አለበት።


ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

የሽቦ ቤቱን ላፈርስ ተነሥቼ ከበስተኋላው አንድ የብስኩት ጣሳ አገኘሁ። ውስጡ የካፓስ ጠጉርና የደረቀ ሣር ነው። ሁለት ጊዜ ጠርጌ ጣልኩት ያልኩት ክምር። ላራስ ከቆሻሻው ውስጥ ለቅማ አስቀምጣው ኖሯል። ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ሲያስፈልጋት ልመልስላት» የሚል ተጽፏል።

እዚህ ላይ መዝገቡን ማስተካከል አለብኝ። ፌብሩዋሪ 15 ላይ «ቤቱን እንደተለመደው አጸዳሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ጎጆዋን ያፈረስኩት ያን ጠዋት ነው። ስጠርገው ካፓስ በመጥረጊያውና በግድግዳው መካከል ገብታ ቆማ ነበር፤ ገፋኋት። የተነከሰችው ላራስ ናት፤ ንክሻው ግን ለእኔ ነበር። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ደብተሩን ይዤ የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። ዶክተር ፒፒት ተማሪዬ ነበረች፤ ወሬኛ ነበረች፣ ወንበር ላይ መቀመጥ የማትወድ። ታማሚው የት አለ ስትለኝ ደብተሩን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። መጀመሪያ ላይ እየሳቀች፣ በኋላ ሳትስቅ።

«መምህር፣ ይቺ አልታመመችም። አደገች እንጂ።»

«እንዴት?»

«ስድስት ወር ገደማ ሲሞላቸው ሰውነታቸው ለመውለድ ይነሣል። ሴቷም ወንዱም ጠባያቸው ይለወጣል። አጥር ያጥራሉ፤ ይሄ የኔ ክልል ነው ይላሉ። አገጭ ማሸቱ፣ ሽንት መርጨቱ፣ ማጉረምረሙ፣ እግር መዞሩ ይኸው ነው። አንዳንዷ ሴት ደግሞ ሳታረግዝ ያረገዘች ይመስላታል። ጠጉሯን ነጭታ ለልጆቿ ጎጆ ትሠራለች። ሁለት ሳምንት ከምናምን ቢተዉአት በራሱ ያልፍላት ነበር። እርስዎ ግን...» ገጹን ገለጠች። «ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ» አልኩ።

«በቅጣት የሚታረም አይደለም። ሲቀጧት የባሰ ትፈራለች፤ ስትፈራ ትነክሳለች። መፍትሔው ማምከን ነው፤ አንድ ቀዶ ጥገና። ብዙዎቹ ከወር ሁለት ወር በኋላ ይረጋጋሉ።»

በእጇ ያለውን ደብተር አየሁ።

«በአራተኛ ክፍል እኔን ምን ብለው እንደጻፉብኝ ያስታውሳሉ? 'ወሬኛ፣ የማትታረም።' እናቴ ክፈፍ ውስጥ አድርጋዋለች።» ሳቀች። ከዚያ «ካፓስስ የት ናት?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ደብተሩን ዘግታ በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ስለ አንሶላው አሰብኩ። ላራስ ስለ ወረወረችው በርም።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ሙዝ ጠበስኩ። የመጀመሪያው አረረ። ሁለተኛውን በሰማያዊው ሳህን ላይ አድርጌ የማንግ ዳያት ድንኳን ሄድኩ። የላራስ ወረቀት አሁንም ምሰሶው ላይ ነው፤ ቀለሙ ሸሽቷል።

«ማንግ ዳያት፣ ካፓስን አረድካት?»

ማራገቢያውን አስቀመጠ። «ወይ መምህር! ሁለት ወር ሙሉ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«አረድካት?»

«አላረድኳትም።»

ሳህኑን ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳይጠይቁኝ? መምህር አይደሉ እንዴ? አንዳንዴ ሰው ባያውቅ ይመርጣል ብዬ ነዋ። በኢድ ቀንማ እጅዎን ይዤ ልናገር ስል ብስኩት አቀረቡልኝ።»

እንዲህ ነው የሆነው። ያን ቀን ካፓስን ከቅርጫቱ ሲያወጣት ከቅርጫቱ የነቀለችውን ስንደዶና የደረቷን ጠጉር በአፏ ሞልታ ነበር። የዳያት አባት ጠጉር የነከሰች ጥንቸል አትታረድም፣ ልጅ ትጠብቃለች ይል ነበር። ስለዚህ ዳያት ቢላዋውን አስቀምጦ ለሚስቱ እኅት ለኦኒህ ላካት። ኦኒህ ቺቦዳስ መንደር ጥንቸል ታራባለች።

እንግዲህ በመዝገቤ ላይ ትልቁ ጥፋት ብዬ የጻፍኩት ነው ሕይወቷን ያተረፈው።

«የላክህልኝ ሳቴስ?»

«የሌላ ናት። ጥንቸል ናት፣ ግን ካፓስ አይደለችም።»

«ለላራስ የዶሮ ነው ብያታለሁ።»

«የዶሮ! እኔ በሃያ ዓመት አንድ ዶሮ አልጠበስኩም፤ ስሜን አያጥፉብኝ እንጂ!» ሳቀ። ሳልስቅ ሲያየኝ ተወው። ከዚያ ወደ ፍሙ እያየ «መምህር፣ ከሄዱ ነገ በጠዋት ይሂዱ» አለኝ። «ኦኒህ ጥንቸሏ አልወለደችልኝም እያለች ነው። ለቅዳሜ ገበያ የምትልክልኝ ውስጥ ሳትጨምራት አትቀርም።»


ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ኦኒህ ሠላሳ የሚሆኑ ቤቶች በረድፍ አሏት። ካፓስ ከረድፉ ውጭ ለብቻዋ ቅርጫት ውስጥ ነበረች።

«ስም አላት እንዴ?» አለች ኦኒህ። «እኔ 'ነገረኛዋ' ነው የምላት። ሁለት ጊዜ ጎጆ ሠርታ ሁለት ጊዜ አስጠብቃኛለች፤ አንዲትም ልጅ የለ። ወንዱን ባስገባባት አስጠግታው አታውቅም፤ ጆሮውን ዘነጠለችው። ምስኪኑ አሁን ሴት ሲያይ ይደበቃል!»

«ልወስዳት ነው የመጣሁ።»

«ለምን? ለሳቴ ከሆነ አጥንት ናት።»

«የልጅ ልጄ ናት... የልጅ ልጄ ጥንቸል ናት።»

ኦኒህ ቅርጫቱን አነሣችና ሰጠችኝ። «ይውሰዷት እባክዎ። ከሷ ጋር መጣላት ሰልችቶኛል።»

ከስታለች። የግራ ጆሮዋ ጠርዝ ተቀዷል። የደረቷ ጠጉር ግን በቅሏል። ሚኒባሱ ውስጥ ቅጠል ልሰጣት ስል አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። ጥፋት ብዬ አልቆጠርኩትም።

ከመንገድ በቀጥታ ዶክተር ፒፒት ጋ ወሰድኳት። አላረገዘችም። ልቧና ሳንባዋ ደህና ነው።


እሁድ፣ ኤፕሪል 13

ላራስ፣ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ላንቺ የተጻፈ አልነበረም፤ አሁን ግን ያንቺ ነው። አንድም ገጽ አልቀደድኩም። ስልክ ያልደወልኩት፣ ስደውል እንደ ኢዱ ቀን ሁሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸፍኜ እንደማልፍ ስለማውቅ ነው። ስለዚህ በስሙ እጠራዋለሁ።

ካፓስ አልጠፋችም፤ እኔ ሰጥቻት ነው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንቺ በደንብ ዘግተሽው ነበር፤ መቀርቀሪያው ሁለቴ ተጠምዝዞ አገኘሁት። ይህን እያወቅኩ ሁለት ወር ሙሉ ራስሽን ስትወቅሺ አይቼሻለሁ። ያን ቀን የበላሽው የጥንቸል ሥጋ ነበር፤ የካፓስ አልነበረም። ነገር ግን «የዶሮ» ስልሽ የማንኛዋ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ዝም ብዬም አስበላሁሽ። ከሁሉም ይህ ይከብደኛል።

አንሶላሽን ያጠብሽበት ቀንም ገብቶኛል፤ አንቺም አድገሽ ነው። እንዳታፍሪ ብዬ ሌላ አልጽፍም። ማንም አስቀድሞ ሳይነግርሽ ቀርቶ፣ አጠገብሽ የነበርኩት እኔም በር ስለ መወርወር አወራሁሽ። ብትፈልጊ ዶክተር ፒፒት ልታነጋግርሽ ፈቃደኛ ናት፤ እንደ ድሮዋ ወሬኛ ናት፤ ትወጃታለሽ።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ነገር። ካፓስ የድሮ ቤቷ ውስጥ ናት። ጣሳሽን ከፍቼ ጠጉሩን ጥግ ላይ አደረግኩላት። ለረጅም ጊዜ አሸተተችው፤ ከዚያ በላዩ ተኛች። እኔ ስቀርብ ታጉረመርማለች፤ እኔም ቅጠሉን አስቀምጬ እመለሳለሁ።

ዶክተር ፒፒት የፊታችን ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19፣ ቀዶ ጥገናውን ልታደርግላት ትችላለች። ከዚያ በኋላ ለሥልጠና ሱራባያ ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቢደረግላት ጠባይዋ ሊረጋጋ ይችላል፤ ደግሞ ሴት ጥንቸሎች ሲያረጁ ከሚይዛቸው የማኅፀን በሽታ ትድናለች። በሌላ በኩል ከስታለች፤ ጥንቸል በማደንዘዣ ተኝቶ የማይነቃበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ይነቃሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዶክተር ፒፒት «እኔ ብሆን አደርግላት ነበር፤ ግን የኔ አይደለችም» አለችኝ። እኔም ያልኳት ይህንኑ ነው። የእኔም አይደለችም።

ይደረግላት ካልሽ ወስጄ እስክትነቃ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አይደረግላት ካልሽ እንዳለች ትኑር፤ የቆፈረችውን እደፍናለሁ፣ የረጨችውን አጥባለሁ፣ ጎጆዋን አልነካም። ወደ ካራዋንግ ያምጡልኝ ካልሽም ቅርጫቱ ተዘጋጅቷል። ሦስቱም ለእኔ እኩል ናቸው። አንድ ጊዜ ያለ አንቺ ወስኜባታለሁ፤ ሁለተኛ አይደገምም።

እኔን ይቅር ማለት አለማለትሽን አሁን አልጠይቅሽም። ለእሱ የፈለግሽውን ያህል ዓመት ውሰጂ። የካፓስ ግን ቀን አለው፤ እስከ ሐሙስ ማታ። በእናትሽ ስልክ «ይደረግ» ወይም «አይደረግ» ወይም «ያምጧት» ብለሽ አንዲት ቃል ላኪልኝ። እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

አኪ ሳስሚታ